ለልጄ አስጠኚ እየፈለግኩ ነው፤ በምን ልለይ?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ሒሳብ በጣም ትወድ ነበር። አሁን ደብተሩን ገና ስታወጣ ፊቷ ይለወጣል። ባለፈው ፈተና ከግማሽ በታች አመጣች። ወረቀቱን ግን አላሳየችኝም። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ ሥር ደብቃው ነው ያገኘሁት። ከውጤቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ መደበቋ ነው።

ከዚህ በፊት አንድ አስጠኚ ነበራት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሰዓት ያከብራል፣ ሥርዓት አለው። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። የቤት ሥራዋ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፣ አንድም ስህተት የለበትም። እኔም እፎይ ብዬ ነበር። ፈተናው ሲመጣ ግን ያው ሆነ። አንድ ቀን ውሃ ይዤላቸው ስገባ እርሳሱ በእሱ እጅ ነው። ልጄ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየዋለች። እሱ ይጽፋል፣ ያስረዳል፣ «ገባሽ?» ይላል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እሱ ይቀጥላል። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሒሳቡን ስትሠራ የነበረችው ልጄ አልነበረችም።

አመስግኜ አሰናበትኩት። አሁን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ግን በምን ልለየው? የመጀመሪያውንም ስቀጥረው ውጤቱን አይቼ፣ ሰው ጠይቄ ነበር። እኔ ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው፤ ሒሳቡም ከእኔ እያለፈ ነው። እባካችሁ የሞከራችሁ ምከሩኝ።

ወለላ፦

እህቴ፣ የኔም ጉዳይ ነው። እከታተላለሁ።

ሰሌዳ፦

ማለዳ እህቴ፣ መምህር ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አስጠኚውን ከመፈለግሽ በፊት ልጅሽ የቆመችበትን ቦታ ፈልጊ። «ሒሳብ ይከብዳታል» ማለት «አሞኛል» እንደማለት ነው። የት ጋ ነው የሚያማት? ማባዛቱን በቃሏ አልያዘችውም? ማካፈል ነው? ክፍልፋይ ነው? ወይስ ሒሳቡን ታውቃለች፣ የጥያቄውን ጽሑፍ አንብባ መረዳት ነው ያቃታት? እነዚህ ለየቅል ናቸው፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ይህን ሳታውቂ የምትቀጥሪው ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ መምህሯ ዛሬ ከደረሰበት ገጽ ይጀምራል። ልጅቷ የቀረችው ግን ምናልባት ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ያንን የደበቀችውን ወረቀት አንድ ቀን፣ ረጋ ባላችሁበት ሰዓት፣ አብራችሁ ዘርጉት። «ለምን ተሳሳትሽ?» አትበያት። «ይቺን እንዴት ሠራሻት?» በያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ልጅ ዝም ብሎ አይሳሳትም። ለስህተቱም የራሱ መንገድ አለው፤ መንገዱን ስትሰሚ ያለችበትን ታገኛለሽ። አንቺ ሒሳቡን ማወቅ የለብሽም። የነገረችሽን እንዳለ ጻፊውና ለመምህሯ ወይም ለአዲሱ አስጠኚ አሳዪ።

በዚህ ዕድሜ እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው ክፍልፋይ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥር ማለት የሚቆጠር ነገር ነው፤ 3 ከ2 ይበልጣል፣ አለቀ። ክፍልፋይ ሲመጣ ግን ሲሶ ከግማሽ ያንሳል። ማባዛት ያበዛል ብሎ ያመነ ልጅ፣ በግማሽ ሲያባዛ ያንስበታል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እስከዛሬ የሠራለት ሕግ ነው የከዳው። ጉዳዩ ደግሞ እዚያው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሮበርት ሲግለር የመራው ጥናት የአሜሪካና የብሪታንያ ልጆችን መረጃ መርምሮ ነበር። በታችኛው ክፍል ክፍልፋይና ማካፈል በደንብ የሚያውቅ ልጅ፣ ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ በአልጀብራም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የቤተሰብ ገቢና የልጆቹ የማሰብ ችሎታ ልዩነት ተቆጥሮ እንኳ ማለት ነው። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል ላይ መንቃትሽ ጥሩ ነው፤ አልረፈደም።

የሁለት አባት፦

መምህር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ማለዳ፣ ዓይኗን አሳይተሻታል?

የኔ ልጅ ስምንት ዓመቱ እያለ «ትኩረት የለውም» ተባለ። እኔም አስጠኚ ቀጠርኩ። የመጣችው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ለብቻዬ ጠራችኝና «አባባ፣ እኔ ሳነብለት ሁሉንም ይመልሳል። ከክፍል ገልብጦ ያመጣው ጥያቄ ላይ ግን 6ቱ 8 ሆኗል፣ መደመሩ መቀነስ ሆኗል» አለችኝ። ደብተሩን አየሁት። እውነቷን ነው። የሠራው ሁሉ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ለካ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። መነጽር ከተደረገለት በኋላ በራሱ መሥራት ጀመረ። ልጁን ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁት ሳስበው እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ዓይንና ጆሮ አስቀድሞ ይታይ። ያቺ አስጠኚ ዝም ብላ ወር እየቆጠረች ክፍያ መቀበል ትችል ነበር። አላደረገችውም። ጥሩ አስጠኚ ማለት ለኔ ይቺ ናት።

ሰሌዳ፦

ወንድሜ፣ ትልቅ ነገር ተናገርክ። ሌላም አለ። ጥያቄው ሲነበብለት የሚመልስ፣ ራሱ ሲያነብ ግን የሚጠፋበት ልጅ፣ ዓይኑ ደህና ከሆነ የማንበብ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ዲስሌክሲያ የሚባለው አለ። ከብልህነት ጋር አይገናኝም፤ የሚያግዘውም ተራ አስጠኚ ሳይሆን በዚያ የሠለጠነ ሰው ነው።

ቅን፦

የኔ ሐሳብ ትንሽ ለየት ይላል፤ ቅር እንዳትሰኙ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ትውላለች። ማታ ደግሞ ሌላ መምህር ቤቷ ይጠብቃታል። መቼ ትጫወት? መቼ ትተኛ? ወረቀቱን መደበቋ የሒሳብ ችግር ብቻ አይመስለኝም። ፈርታለች። በፈራ ልጅ ላይ አስጠኚ ሲጨመር ለልጁ ቅጣት ነው የሚመስለው።

ወላጅ ራሱ ፈርቶ ነው የሚቀጥረው ብዙ ጊዜ። ይህ ፍርሃት ቀላል አይደለም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 የግል ማስጠናትን በሕግ ከልክላ ነበር። ወላጅ ግን በድብቅ ማስጠናቱን አልተወም። በ2000 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እገዳውን ሻረው። ሕግ ያላስቆመውን ነገር አንድ እናት ቆም ብላ እንድትጠይቀው ነው የምለው። የፈራችው ልጅቷ ናት ወይስ እኔ ነኝ? ማለዳ፣ መጀመሪያ ልጅሽን ጠይቂያት። አስጠኚ ትፈልጋለች?

ማለዳ፦

ቅን፣ አልተቀየምኩም። ትናንት ማታ ጠየቅኳት። «ያኛው አይምጣ እንጂ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ ይስቁብኛል» አለችኝ። ይህንን እስከዛሬ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን የደበቀችውም «እንዳታዝኚ ብዬ ነው» ነው ያለችኝ።

ሦስተኛ ዓመት፦

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልጆች አስጠናለሁ። ከወዲያኛው ወገን ያለውን ልንገራችሁ።

የቀድሞው አስጠኚ ላይ ብዙም አልፈርድበትም። እኔም ስጀምር እንደዚያው አደርግ ነበር። ወላጅ ከሥራ ሲገባ የሚጠይቀው «የቤት ሥራው አለቀ?» ብሎ ነው። አለቀ ካልኩ ጎበዝ ነኝ። ልጁ አንዲት ጥያቄ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ታግሎ በራሱ ከፈታት፣ የቀሩት ሦስቱ ግን ካልተሠሩ፣ «ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» እባላለሁ። ስለዚህ አስጠኚው እርሳሱን ይቀማል። ማለዳ፣ አዲስ ሰው ስትቀጥሪ ከመጀመሪያው ቀን «የቤት ሥራው ባያልቅም ግድ የለኝም፤ እርሳሱ ከእጇ እንዳይወጣ» በይው። ይህን ስትይው ትከሻው ላይ ያለው ሸክም ይወርድለታል።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ሰዓት መጽሐፍ አልከፍትም። የሚወደውን ጨዋታ፣ የሚጠላውን ክፍለ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ከክፍሉ ሁለት ዓመት ዝቅ ያሉ ጥያቄዎች እየሰጠሁ የት ላይ እንደሚያዘግም አያለሁ። ጥያቄ ስጠይቅ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። በጣም ከባድ ነው፤ ዝምታው ያስጨንቃል። ልጁ ግን የሚያስበው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። «ገባህ?» የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ። ማንም ልጅ «አልገባኝም» ማለት አይፈልግም። በምትኩ «እስቲ አንተ አስረዳኝ» እላለሁ። ካስረዳኝ ገብቶታል።

በሚቀጥለው ቀን ስመጣ ደግሞ ደብተር ሳይገለጥ ካለፈው ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ይህን ከአንድ ትምህርት ነው የወሰድኩት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሱ ያንኑ ጽሑፍ በድጋሚ አነበበ፤ ገሚሱ ወረቀቱን ትቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አስታውሰው የጻፉት በለጡ። ለኔ ይህ ብዙ ነገር ነው የገለጸልኝ። አስጠኚው ገና ከበር ሳይወጣ ልጁ ሁሉንም ያወቀ ይመስላል። ማየት ያለብሽ የሳምንቱን ነው።

ክፍያ ላይም ግልጽ ሁኑ። ልጅቷ ብትታመም፣ እኔ ፈተና ቢኖርብኝ፣ ያ ቀን ይካካሳል ወይስ ይቀነሳል? ገና ሳይጀመር ተነጋገሩበት። በዚህች ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ የምንቀያየመው።

አሻራ፦

ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። ማንም ይሁን ማን፣ የቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ ልጅን ዘግቶ አያስጠናም። ሰው በሚያልፍበት ክፍል፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ቤት ውስጥ አዋቂ ሰው ባለበት። አስጠኚውና ልጅቷ በስልክ ለብቻቸው አይጻጻፉ፤ መልእክቱ በአንቺ ስልክ ይለፍ። ከዚህ በፊት ያስጠናቸውን ሁለት ቤተሰቦች ስልክ ተቀበዪና ራስሽ ደውይ። «ጎበዝ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ይልሻል። «ለምን አቆማችሁ?» በያቸው። ከመልሱ ብዙ ታገኛለሽ።

ለልጅሽም ንገሪያት። ከአስጠኚ ጋር ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ካልተመቻት በማንኛውም ሰዓት ተነስታ መውጣት ትችላለች፤ ማንም አይቆጣትም። ቀና የሆነ አስጠኚ በዚህ ቅር አይለውም። እንዲያውም ለራሱም ጥበቃ ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦

አሻራ ልክ ነሽ። እኔ ራሴ በሩ ክፍት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ወለላ፦

በቪዲዮ የሚያስጠኑትስ? ሰው ቤት ከሚገባ አይሻልም? አሁን ደግሞ ጥያቄውን ፎቶ ሲያነሱት መልሱን ከነአሠራሩ የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያም አለ።

ሰሌዳ፦

በቪዲዮ ይቻላል። ለትልልቆቹ በደንብ ይሠራል። ለትንንሾቹ ግን ካሜራው ፊታቸው ላይ ሳይሆን ደብተራቸው ላይ ይሁን። ሒሳብ አስጠኚ ማየት ያለበት እጅ ነው። ልጁ የት ላይ ቆመ፣ የቱን ሰርዞ የቱን ጻፈ፣ ላጲሱን ስንት ጊዜ አነሳ። ይህ ካልታየው የሚያየው መልሱን ብቻ ነው። ፎቶ የሚነሳበትን በተመለከተ፣ ከማለዳ የመጀመሪያ አስጠኚ ጋር ያው ነው። እርሳሱን ይቀማል። ልጁ አስቀድሞ ሠርቶ ለማመሳከር ብቻ ከተጠቀመበት አልከለክልም።

የሁለት አባት፦

መምህር፣ አንድ ጥያቄ። ለውጥ ለማየት ስንት ጊዜ ነው የሚጠበቀው? በሳምንትስ ስንት ቀን?

ሰሌዳ፦

ስለ ቀኑ ልንገርህ። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከማስጠናት፣ ያንኑ ሦስት ሰዓት ለሦስት ቀን መከፋፈል ይሻላል። ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ነው። የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ብዙው ይጠፋል፤ እያረፉ ሲመለሱበት ነው የሚቆየው። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ሰዓት ራሱ ረጅም ነው። አርባ አምስት ደቂቃም ይበቃል።

ስለ ውጤቱ ግን የተጋነነ ነገር እንዳትጠብቅ። ቤንጃሚን ብሉም የሚባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለብቻው አስጠኚ ያገኘ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 ከመቶውን ይበልጣል ብሎ ነበር። ብዙ የማስጠኛ ማስታወቂያ ላይ ይህንን ቁጥር ታገኘዋለህ። ከርት ቫንሌን በ2011 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር ግን ጥቅሙ ብሉም ካለው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ግማሽ ባይሞላም ቀላል አይደለም፤ ጥሩ እርዳታ ነው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ሌላ ነው። የብሉም ልጆች አጠገባቸው ሰው ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም የበለጡት። በየጊዜው ይፈተናሉ፣ የሳቱት ይታረምላቸዋል፣ ያንን ሳይዙ ወደ ሚቀጥለው አይሄዱም። ይህ የሌለበት ማስጠናት አጠገብ መቀመጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማለዳ፣ ከአስጠኚው ጋር ስትነጋገሪ «ይህንን ምዕራፍ እንደያዘችው በምን ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው። መልስ ያለው ሰው ያዢ። ሌላው ደግሞ መቼ እንደሚያበቃ ተነጋገሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ አስጠኚ ደብተር የማይከፍት ልጅ አይቻለሁ። በሦስተኛው ወር ቀኑን መቀነስ ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

ማለዳ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ይቅርታ ዘገየሁ።

መምህር እንዳሉኝ ወረቀቱን ይዘን ተቀመጥን። ዓይኗንም አሳየኋት፤ ደህና ነው። ግማሽ ሲደመር ሲሶ ይላል ጥያቄው። እሷ 2/5 ብላ ጽፋለች። «እንዴት ሠራሻት?» አልኳት። «ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርኩ» አለች። አንድ ሲደመር አንድ ሁለት፣ ሁለት ሲደመር ሦስት አምስት። ሁሉንም ክፍልፋይ የደመረችው በዚሁ መንገድ ነው። ስድስት ጥያቄ በአንድ ስህተት ነው የጠፋው! ያንን ጻፍኩና ያዝኩ።

ከዚያ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን አንድ አንድ ሰዓት እንዲሞክሩ ጠየቅኩ። የሁለቱንም ሰዓት ከፈልኳቸው። ለሁለቱም ያቺኑ ጥያቄ ሰጠኋቸው። እኔ ጥግ ላይ ልብስ እያጣጠፍኩ አዳምጣለሁ።

የመጀመሪያው በማዕረግ የተመረቀ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል አስረዳት። የጋራ ብዜት፣ ላዕል፣ ታህት፣ ሁሉንም በጥሩ ቋንቋ ተናገረ። እኔ ራሴ ገባኝ። ልጄ ግን ሁለት ጊዜ መስኮቱን አየች።

ሁለተኛዋ ገና ተማሪ ናት። መልሱን አየችና «ተሳስተሻል» አላለችም። «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አለቻት። ልጄ ዝም አለች። አስጠኚዋም ዝም አለች። እኔ ልናገር ምንም አልቀረኝ። ቆይታ ልጄ «ያንሳል» አለች፣ ቀስ ብላ። «እሺ፣ ግማሽ ነበረሽ። ሲሶ ጨመርኩልሽ። አሁን ከግማሽ ያነሰ ነው ያለሽ?» ልጄ ቀና አለች። «እንዴ! ሊሆን አይችልም!» አለች። ድምፅዋ ያቺን የሦስተኛ ክፍሏን ልጅ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። ለሁለት አጥፊው አለቻት። መልሳ ዘርግታ፣ በሌላኛው አቅጣጫ ደግሞ ለሦስት። ሲዘረጋ ስድስት እኩል ክፍል ወጣ። ግማሹ ሦስት ክፍል፣ ሲሶው ሁለት ክፍል። ልጄ ራሷ ቆጠረች። «አምስት... ከስድስት!» ሰዓቱ ሲያልቅ ሌላ ወረቀት አምጥታ ሩብና ሲሶን ልትሞክር ተቀምጣለች።

ሁለተኛዋን ቀጠርኳት። ሳሎን ውስጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የቤት ሥራው ሁልጊዜ አያልቅም። ትናንት ሦስት ጥያቄ ባዶ ቀርቶ ነው የሄደችው። ልቤ ትንሽ ፈራ ብሏል፤ ግን ዝም ብያለሁ።

ቅን፦

እሰይ። አስጠኚ አያስፈልጋትም ብዬ ነበር፤ ይህን ሳነብ ሐሳቤን ቀየርኩ። እንቅልፏን ብቻ አደራ።

ሦስተኛ ዓመት፦

ባዶ የቀሩትን ሦስቱን በማግስቱ ብቻዋን ከሞከረቻቸው ንገሪን። እኔ የማየው እሱን ነው።

ወለላ፦

ማለዳዬ፣ የአስጠኚዋን ስልክ በውስጥ ትልኪልኝ?

ማለዳ፦

መጀመሪያ እሷን ላስፈቅድና እመለስልሻለሁ። ያንቺ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው? የት ላይ ነው የቆመው?

ወለላ፦

ሰባተኛ ነው። ሒሳብና ሳይንስ ነው የምለው እንጂ የት ላይ እንደሆነ አላውቀውም። ዛሬ ማታ የፈተና ወረቀቱን ይዘን እንቀመጣለን።